ቀያሽ የተባልኩበት የቀስት ልምምድ

ሱሉልታ ላይ የደረሰብኝ ነገር ባይደርስብኝ ኖሮ አሰልጣኝ ፍለጋ አልወጣም ነበር። የመምህራን የባህል ስፖርት ውድድር ነበር፤ እኔም ሰበታ ያለውን ትምህርት ቤታችንን ወክዬ በቀስት ገባሁ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ደጋን የሚባለው የሚለጠጠው እንጨት ነው፤ ጅማት የሚሳበው ነው፤ ፍላጻ ደግሞ የሚሄደው። የእኔ ሦስተኛ ፍላጻ ግን መሄድ ወደነበረበት አልሄደም። ጅማቱን ገና ግማሽ ሳልስበው ጣቴ ለቀቀውና ፍላጻው ወደ ጎን ተፈናጥሮ ዳኞቹ ፀሐይ የተከለሉበትን ጃንጥላ በሳው። ሰው አልተነካም። አንደኛው ዳኛ ቀዳዳውን በጣቱ እየነካካ ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«ሒሳብ።»

«ታዲያ ማዕዘኑ እንዴት ጠፋህ?»

ሜዳው ሙሉ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ የእኔ መሆኑን ተወ። ደጋኑን ሳነሳ ደህና ነኝ፤ መሳብ ስጀምርም ደህና ነኝ፤ ጅማቱ አገጬ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ግን ጣቶቼ ሳላዛቸው ይከፈታሉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ያልገባኝን ነገር ደግሞ ደብተር ላይ በተራ ቁጥር የማስፈር ልማድ አለኝ። ከአቋቋም እስከ ትንፋሽ ዘጠኝ ደረጃዎች ጻፍኩ። ደረጃዎቹን በደንብ ባወቅኋቸው መጠን እጄ ባሰበት። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ቡራዩ ላይ የተወዳዳሪዎች ምርጫ ይደረጋል ተብሎ ነበር፤ እስከዚያ እጄን ካልመለስኩ ቀስትን እስከ ወዲያኛው ልተው ወስኛለሁ።

ስለ አሰልጣኜ የነገረኝ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነው። ከከተማው ዳር ባለ አንድ ፋብሪካ የቀን ጥበቃ የሚሠሩ፣ ከደቡብ ጫፍ የመጡ፣ ስልሳን የዘለሉ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አገራቸው ላይ በቀስት ያድኑ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ቸርች ይዘምራሉ፤ ቀስት የያዘ ሰው ሲያዩ ግን ቆመው ሳያዩ አያልፉም ተባልኩ። ጋሼ እያልኩ እጠራቸው ጀመር፤ እሳቸው አስተማሪ ይሉኛል።

በመጀመሪያው ቀን ደብተሬን አወጣሁ። «አንብብልኝ» አሉኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«በቃ አስተማሪ። አጋዘኑ ሄደ።»

ከዚያ ፍላጻዎቼን ከነኮሮጆው ወስደው የፋብሪካው አጥር ላይ ሰቀሏቸው። «እኛ ዘንድ ልጅ መጀመሪያ ፍላጻ አይሰጠውም። ክረምቱን ሙሉ ይስባል፣ ይመልሳል። አይለቅም። ባዶ ደጋን ከለቀቀ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ አባቱም ይገርፈዋል።»

«የእኔ አባት እንኳ በሕይወት የለም» አልኳቸው።

«እኔ አለሁ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም ሳቅ አልነበረም።

እንዲህ ሆነና ሦስት ሳምንት ሙሉ ስስብና ስመልስ ከረምኩ። ነገሩን እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳው፦ ጣት መልቀቅን ከረሳ፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት እንደገና መማር ይችላል። ጋሼ ግን እንዲህ ብለው አያውቁም። የሚሉት «ሳብ»፣ «ቁም»፣ «መልስ» ብቻ ነው። ስቸኩል «የታክሲ ረዳት ነህ እንዴ? ሰው ሳይገባ በሩን ትዘጋለህ» ይሉኛል።

የምንለማመደው ከፋብሪካው ጀርባ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ይላቸዋል። ጋሼ ወደ ሜዳው ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ የኦቦ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታውን ይጀምሩና ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታመመችው ጥጃ እየጠየቁ ሩብ ሰዓት ይፈጃሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ከትምህርቱ ውስጥ አልቆጠርኩትም።

ጊዜው መጥፎ ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ሊጠቀልል ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተብሎ ተማሪው ለተቃውሞ መውጣት ጀምሯል። አንድ ቀን ክፍሌ ግማሹ ባዶ ይሆናል፤ በማግስቱ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋና ከተጂ የሚመጣ ሚኒባስ ይጠፋል። አባቴ የተጂ ኦሮሞ ነበር፤ እናቴ ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች ልጅ ናት። በሁለቱም ቋንቋ የሚባለውን እሰማለሁ፤ በሁለቱም የምለው አልነበረኝም። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ አንተ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ «ፈተና ላይ አይመጣም» እላቸዋለሁ።

አንድ ዓርብ ጋሼ «ነገ ፍላጻ ትይዛለህ» አሉኝ። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቅዳሜ ጠዋት ሳላስበው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ ሜዳው ላይ ተገኘሁ። ሳላስበው ማለቴ ውሸት ነው፤ አስቤበታለሁ። ሜዳውን ልክ እንደ ቡራዩ ውድድር አዘጋጅቼ ጋሼን ላስደንቃቸው ፈልጌ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ረጅሙን ሜትር ተውሻለሁ። አሥራ አንድ ችካል ጠርቤ ጫፋቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬያለሁ፤ ሲባጎም ይዣለሁ። ገና በጠዋቱ ሰው ላለመረበሽ ብዬ የኦቦ ደጃፍ ላይ አልቆምኩም።

ሃያ ሜትር ለካሁ፤ ተከልኩ። ሠላሳ ለካሁ፤ ተከልኩ። ጭድ የሞላሁትን ጆንያ ጉብታው ሥር አቁሜ የሜዳውን ቅርጽ ከነልኩ ደብተሬ ላይ እየሣልኩ ሳለ ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል ኦቦና አምስት ወጣቶች ከበውኛል። ደጋኑ ሣሩ ውስጥ ተኝቶ አይታይም። የሚታየው ሜትር፣ ሲባጎ፣ ቀይ ጨርቅ ያለው ችካልና ደብተር የያዘ ሰው ነው።

«ኩኒ ማሊ?» አሉ ኦቦ ችካሉን በዱላቸው እየነኩ። ይሄ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። «ርቀቱን እየለካሁ ነው። ይሄ ሃያ ሜትር ነው፣ ያኛው ሠላሳ…»

አንደኛው ወጣት ደብተሬን ነጠቀኝ። «ይኸው! ፕላኑ ይኸው!»

«የልምምድ ንድፍ ነው። መምህር ነኝ።»

«ቲቸር ነኝ ይላል እኮ! ቲቸር ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው መሬት ይለካል? ቀያሽ ነህ! ማን ላከህ?»

ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። ቡራዩ ስል «እዚያም ለክተሃል?» ይሉኛል። ሱሉልታ ስል እርስ በርስ ይተያያሉ። በኦሮምኛ ስናገር ደግሞ አንዱ «ቋንቋ የሚችል መርጠው ነው የላኩት» አለ። የሚገርመው፣ በልቤ «እውነታቸውን ቢሆንስ?» የሚል ነገር ሽው አለብኝ። ከውጭ ብመጣና ራሴን ባይ እኔም ቀያሽ ነው እል ነበር።

ጋሼ የደረሱት ያኔ ነው። ወደ እኔ አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ኦቦ ሄደው «አካም ጅርቱ» አሉ። ስለ ጥጃዋ ጠየቁ። እየቆመች ነው አሏቸው። ስለ ዝናቡ ጠየቁ። እኔ ከአምስት ወጣቶች መሀል ቆሜ ያ ሰላምታ ሲረዝም እያንዳንዱን ቃል ቆጠርኩት። በመጨረሻ ኦቦ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ይሄ ያንተ ነው?»

«ተማሪዬ ነው። ሰነፍ ነው።»

«ቀስት ይችላል?»

ጋሼ ደጋኑን ከሣሩ ውስጥ አነሱ። «ድሮ ይችል ነበር።»

ኦቦ ከችካሎቹ ሁሉ ወዲያ፣ እኔ ካልለካሁት ቦታ ላይ ዱላቸውን ተከሉ። «ከዚህ ይወርውር። እንይ።»

ቆምኩ። ሠላሳ አምስት ይሁን አርባ ሜትር አላውቅም። ጋሼ ይዘው የመጡት ፍላጻ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ገባ። ሳብኩ፤ ጣቶቼ ሊከፈቱ ሲሉ «መልስ» አሉኝ ጋሼ። መለስኩ። እንደገና ሳብኩ። «መልስ።»

«ተበላሸበት እንዴ?» አለ ደብተሬን የያዘው። «እንደ መኪና እንግፋው እንዴ?» ሌሎቹ ሳቁ።

በሦስተኛው ጋሼ ዝም አሉ። ጅማቱ አገጬን ነካ፤ እዚያው ቆመ። ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሆንኩ ጠፋኝ። ለቀቅኩት። ፍላጻው ከጆንያው ታችኛው ጥግ ላይ ተሰካ፤ ሁለት ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ አፈር ነበር።

ከዚያ ኦቦ በአማርኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «ቀያሽ ቢሆን ኖሮ መሀሉን ይመታው ነበር» አሉ። ወጣቶቹ ሳቁና ደብተሬን መለሱልኝ።

ኦቦ ግን አልሳቁም። «አሁን ችካሉን ንቀል። በራስህ እጅ። አንድም እንዳይቀር።» ስነቅል አጠገቤ እየተራመዱ ነገሩኝ፦ ከሁለት ክረምት በፊት ትሑት የሆኑ ወጣቶች የውኃ መስመር ነው ብለው የኦቦ ወንድም መሬት ላይ እንዲህ ያለ ችካል ተክለው ሄዱ። ውኃ አልመጣም። መሬቱን ያጣው ወንድማቸው አሁን የሌላ ሰው ግንብ ይጠብቃል። «እነሱም ደብተር ነበራቸው» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብል ለየትኛው ጥፋቴ እንደሆነ አላወቅኩም። ሁሉንም ነቀልኩ።

የቡራዩ ምርጫ ቀረ። መንገዱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፤ ለመቼ እንደተላለፈ የሚነግረን ጠፋ። ታዲያ ለምን መለማመዴን እንደቀጠልኩ ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም። በየቀኑ የኦቦ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰላም እላለሁ፤ «ሂድ» ይሉኛል፤ እገባለሁ።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ጋሼ ሥራ ላይ ሆነው ብቻዬን ሳለሁ፣ ጅማቱን አገጬ ድረስ ስቤ ቆሜአለሁ። ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው ከፖሊስ የሚሸሹ ሰልፈኞች ጉብታውን ዘለው በጆንያዬ ፊት እየሮጡ ማለፍ ጀመሩ። ሳልለቅ ቀስ ብዬ መለስኩት። ጣቶቼ ሳላዛቸው አልተከፈቱም። ጫማዋን በእጇ የያዘች ሴት ትንፋሽ አጥሯት ቆመችና ደጋኑን አየች።

«ለእኛ ነው ለእነሱ?» አለችኝ።

«ለጆንያው ነው።»

ጆንያውን አየች፤ እኔን አየች። መልሴ ትክክል ነበር፤ እሷ ግን ስህተት እንደሰማች ሁሉ ራሷን ነቀነቀችና ሮጠች። እኔ ፍላጻው በእጄ እንደተያዘ ቀረሁ። እጄ ተመልሶልኛል፤ ምን ላድርግበት የሚለውን ግን አላውቅም ነበር።