ለጋሼ የተቆፈረ ሜዳ

ልብስ ሰፊው ሰውን ሁለቴ አይለካም። ይህ ኩራቱ ነው። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» የሚለው ምክር ዓይናቸውን ለማያምኑ ሰዎች የወጣ ነው ይላል። ሜትሮውን አንዴ በትከሻህ ላይ ካሳለፈ ልክህ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ብትወፍር ወይም ብትከሳ ጥፋቱ የራስህ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ መንገድ ላይ ያገኘውን ደንበኛ ስሙ ጠፍቶበት፣ «አንተ ትከሻ አርባ ስምንት፣ እንዴት ከረምክ» ያለበት ቀን አለ።

ከሁሉም ልክ አብልጦ በቃሉ የሚወጣው የታላቅ ወንድሙን ነው። ቁመት አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት፣ ክንድ ስልሳ ስምንት፣ የሱሪ ርዝመት መቶ አሥራ አራት። አርባ ዓመት ሙሉ ለወንድሙ የሰፋለት እሱ ነው። ይህ ቤተ ዘመድ ሁሉ ጋሼ የሚለው ወንድሙ ጡረታ የወጣ የትራፊክ ፖሊስ ሲሆን፣ የሥራ ቦታው የጎልፍ ሜዳው በር ላይ ያለው አደባባይ ነበር። ስንት ዓመት በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ከርሞ፣ አንድ የዕረፍት ቀን ዩኒፎርሙን አውልቆ ገባ፤ ገብቶም ቀረ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «ባሌን የወሰደችብኝ ሴት ብትሆን ፀጉሯን እነጭላት ነበር፤ ሣር ነጭቼ መቼ ልጨርስ» ትል ነበር።

ከስምንት ወር በፊት ጋሼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ያልተሳካው ጋሼ ነው። አራት እግር ያለው የብረት መራመጃ ሲሰጡት አየት አደረገውና ከወንበሬ አልነሳም አለ።

«ሕዝቡን ሁሉ ቀጥ አድርጌ ሳቆም ኖሬ፣ ዛሬ እንደ ጠረጴዛ በአራት እግር መንገድ ልውጣ?»

ሐኪሙ ልብስ ሰፊውን ለብቻው ጠርቶ እቅጩን ነገረው። አጥንቱ ድኗል፤ ነገር ግን ሰውየው ካልተነሳና ካልተራመደ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጥቂት ወር እንዲሁ ከቆየ ደግሞ ልነሳ ቢል እንኳ አይነሳም። ልብስ ሰፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ወንድሙን ሊለምን ይሄዳል። ጋሼ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ የፒጃማውን አዝራር አንዱን ዘሎ ቆልፎ ያገኘዋል። ኮሌታው አንድ ጣት የተጣመመበትን ሸሚዝ ከነሰፊው ያባርር የነበረ ሰው ነው። ልብስ ሰፊውን አንጀቱን የበላው ከመራመጃውም ከዳሌውም ይልቅ ያ አዝራር ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ደንበኛ ሱሪውን ሊያሰፋ በመጣ ቀን ነው። ሰውየው ሀብታምም ወሬኛም ነው፤ ቤቱ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወትበት ክፍል እንዳለው አወራና በስልኩ አሳየው። ግድግዳ የሚያህል ሸራ ተሰቅሏል፤ ሸራው ላይ ሜዳው በፕሮጀክተር ይታያል። እውነተኛውን ኳስ በእውነተኛው ዱላ ወደ ሸራው ትመታለህ፤ ኳሱ ሸራውን ነክቶ እዚያው ይወድቃል፣ ካሜራው ፍጥነቱን አይቶ ቀሪውን መንገድ በሥዕል ያበርረዋል። ሄዶ ማንሳት የለም፣ ፀሐይ የለም፣ የሚያይህ ሰው የለም።

«የሚያይ ሰው የለም?» አለ ልብስ ሰፊው፤ መርፌው ከአፉ ሊወድቅ ነበር።

ደንበኛው አዲስ ዕቃ ገዝቶ ስለነበር አሮጌውን ካሜራና ፕሮጀክተር ከአንድ ዱላና ከጥቂት ኳስ ጋር በሁለት ሙሉ ልብስ ተለዋወጡ። ሲወጣ አንድ ምክር ጣል አድርጎ ሄደ፦ ረጅም ሰው ዱላውን ከፍ አድርጎ ሲሰነዝር ጣራው ቢያንስ ሦስት ሜትር ከሃያ መሆን አለበት።

ከቤቱ ጀርባ ያለው የልብስ ሰፊው የሥራ ክፍል ጣራው ሁለት ሜትር ከግማሽ ነው። ጣራውን ወደ ላይ እንዳያነሳ፣ ከላይ የራሱ መኝታ ቤት ወለል አለ። ልብስ ሰፊው ደግሞ ከላይ የጠበበ ልብስ ከታች እንደሚለቀቅ ያውቃል። ግንበኛ ጠራ።

«ስንት ልቆፍር?» አለ ግንበኛው።

«ሰባ አምስት ሳንቲ።»

«ለገንዳ ነው?»

«ለሜዳ።»

ግንበኛው ብዙ ቤት ሠርቷል፣ ብዙ እብድም አይቷል። ዶማውንም አካፋውንም አውርዶ ዝም ብሎ ቆፈረ።

የልብስ ሰፊው ባለቤት ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ስታይ ውላ ማታ ስትመለስ ጥቅል ጨርቆቹ በሙሉ መኝታ ቤቷ ገብተው ጠበቋት። ምን እየተሠራ ነው ብትለው፣ ልብስ ከፕሮቫ፣ ከልክ ሙከራው፣ በፊት አይታይም አላት። በክፍሉ በር ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቅሏል።

«ንገረኝና ልርዳህ» አለችው።

«ፕሮቫው ሲደርስ ታያለሽ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ከገበርዲን ጥቅል ጋር ሦስት ሆነን ተኛን እኮ። ቢያንስ እሱን አውቀው።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሥራውን ግን በፍቅር ሠራው። ሸራውን ማንም አይሰፋልኝም ብሎ በሦስት ድርብ ራሱ ሰፋ፤ ስፌቱ ኳሱን እንዳያዛባ ሁሉንም ክር ወደ ውስጥ ደበቀ። አንዲት ጭምድድ እንዳትታይ ወጥሮ ሰቀለው። ግንበኛው እስቲ ልሞክር ብሎ አንድ ኳስ ቢመታ፣ ኳሱ ከተወጠረው ሸራ ነጥሮ ተመለሰና ቅልጥሙን አገኘው። ግንበኛው አንድ እግሩን ይዞ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሸራው ኳስ እንዲውጥ ላላ ማለት ነበረበት፤ ልብስ ሰፊው ላላ አድርጎ ሰቅሎት ሲያበቃ፣ የተሸበሸበውን ሥራውን ላለማየት አንድ ቀን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶት ዋለ።

ትልቁ ጥበቡ ግን የወረቀቱ ጋሼ ነው። ልክ በቃሉ አይደል፣ ቡናማውን የንድፍ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግቶ ወንድሙን በቁመናው ልክ ሣለውና ቆረጠው፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ሁለት። ክንዱን በአዝራር አያይዞ እንዲታጠፍና እንዲነሳ አደረገው፤ ጫፉ ላይ በካርቶን የተሠራ ዱላ አስያዘው። ከዚያ በየቀኑ የወረቀቱን ጋሼ በብብቱ ይዞ ሦስቱን ደረጃ ይወርዳል፣ መሀል ላይ ያቆመዋል፣ ክንዱን ያዞረዋል። ዱላው ጣራውን ለጥቂት ይስተዋል። ልብስ ሰፊው በደስታ ያፏጫል፣ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ይወጣል። ሃያ ጊዜ ወረደ፣ ሃያ ጊዜ ወጣ። የወረቀቱ ጋሼ አንዴም አልከበደውም።

አረንጓዴው ምንጣፍ ተነጥፎ ሁሉም ሲያልቅ፣ ልብስ ሰፊው ሚስቱን ጋሼን አምጪልኝ አላት። ስምንት ወር ያልወጣን ሰው እንዴት እንደምታወጣው የምታውቀው እሷ ናት። ስልኩን አንስታ፣ «ጋሼ፣ ወንድምዎ ጤና የለውም። የቤቱን ሥር እየቆፈረ ነው። እርስዎ ካልመከሩት የማንንም ምክር አይሰማም» አለች። ግማሹ ተንኮል ነበር፤ ግማሹ ግን ከልቧ ነው።

ታናሽ ወንድም ሲያብድ ታላቅ አይቀመጥም። ጋሼ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ መራመጃውን እያንቋቋ፣ ከታክሲው እስከ ጓሮ ያለውን ሃያ እርምጃ ማንንም ሳያይ መጣ። ኮቱ ላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ተቀበለው።

«እስቲ እብደትህን አሳየኝ» አለ ጋሼ።

መጋረጃው ተከፈተ።

አረንጓዴው ሜዳ ከወለሉ ተነስቶ ሸራው ውስጥ ገብቶ፣ ዛፍ ዛፉን አልፎ ሩቅ ይሄዳል። ቀይ ባንዲራ ከዳር ይወዛወዛል። ጋሼ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ መራመጃውን የጨበጡት እጆቹ ላሉ። ልብስ ሰፊው የሁለት ወር ልፋቱን በዚህ ፊት ላይ አገኘው፤ ዕንባውም መጣ።

ከዚያ ጋሼ ወደ ታች አየ።

ሦስት ደረጃዎች። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ እያንዳንዳቸው ከፍ ያሉና ጠባብ ናቸው። መደገፊያ የላቸውም፤ መደገፊያው ዱላ ሲሰነዘር ያደናቅፋል ተብሎ ቀርቷል። የመራመጃው አራት እግር አንዱም ላይ አይበቃም።

 ነርሷ ቀስ ብላ፣ «ዳሌው ለተሰበረ ሰው ጉድጓድ ቆፈርክለት» አለች።

ልብስ ሰፊው ደረጃውን እንደ አዲስ ነገር አፍጥጦ አየው። «የሱሪውን ርዝመት አውቃለሁ» አለ፤ «መቶ አሥራ አራት ነው።»

«ርዝመቱንማ እኔም አያለሁ። እግሩ መታጠፍ አለመታጠፉን ጠየቅክ ወይ? ነርስ እኮ አጠገብህ ነው የምትተኛው፣ ገበርዲኑ ይመስክር።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የልብስ ሰፊው ግን የሚለቀምም አልነበረም።  የጋሼ ፊት ተመልሶ ተዘጋ። መራመጃውን በትንሽ በትንሹ እያነሳ ዞረና፣ «ታክሲ ጥሩልኝ» አለ።

አሁን ከሄደ እንደማይመለስ ሦስቱም ያውቁታል። ሐኪሙ ያለው ጥቂት ወር እያለቀ ነው። ልብስ ሰፊው ደረጃውን ሮጦ ወረደና የጎልፍ ዱላውን አነሳ። በዕድሜው ጨብጦት አያውቅም። እንደ መጥረቢያ ይዞ ቁልቁል ሰነዘረ። ምንጣፉን መታ፤ ኳሱ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አልሄደም።

ሁለተኛው ምት ኳሱን ወደ ጎን ልኮ የግንበኛውን ባልዲ አገኘ።

«ክርንህን አትክፈት» አለ ጋሼ ሳይዞር።

«እሺ ጋሼ።» ልብስ ሰፊው ሰነዘረ። ዱላው ከእጁ ወጥቶ ሸራው ላይ አረፈ። ላላ ያለው ሸራ ዋጠውና መለሰው።

ጋሼ ዞረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፋት አይቶ ዝም ብሎ ያለፈበት ቀን የለም። «ዱላውን ማን በዚያ አያያዝ ያዘው? እግርህን ክፈት። ጉልበትህን አላላ። ያ ጉልበት ነው? አንተ ሰውዬ ኳስ ነው ወይስ እባብ የምትገድለው?»

«አልገባኝም ጋሼ። አሳየኝ።»

«ከዚህ ሆኜ እንዴት አሳይሃለሁ?»

ልብስ ሰፊው ዱላውን አንስቶ እንደገና ሰነዘረና የራሱን ጫማ መታ። ይህኛው ሆን ብሎ አልነበረም፤ እንዲያውም አንዱም ሆን ብሎ አልነበረም።

«ያዥልኝ» አለ ጋሼ፤ መራመጃውን ለነርሷ ሰጣት። የበሩን መቃን ይዞ ዝቅ አለና ደፉ ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ሊይዘው ሲጠጋ ነርሷ በዓይኗ አስቆመችው። ሠላሳ ዓመት ሕዝብ ቀጥ አድርጎ ያቆመ ሰው፣ በሙሉ ልብሱ፣ በመቀመጫው፣ እንደ ሕፃን አንድ ደረጃ ወረደ። ትንፋሹን ሰብስቦ ሁለተኛውን ወረደ። ሦስተኛው ላይ፣ «የሚስቅ ሰው አለ?» ብሎ ቀና አለ። የሚስቅ አልነበረም፤ ነርሷ ብቻ አፏን በመዳፏ ይዛ ፊቷን አዙራለች።

ታች ሲደርስ የወንድሙን ትከሻ ይዞ ተነሳ። አጠገቡ የወረቀቱ ጋሼ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። አየው።

«ይሄ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

ጋሼ ወረቀቱን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተው። «ረጅም ነው» አለ።

ልብስ ሰፊው ያኔ ነው ሁለቱን ጎን ለጎን ያየው። ወንድሙ ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ያጥራል። ትከሻው ወደ ፊት ወድቆ፣ አንገቱ ገብቶ፣ ስምንት ወር በወንበር ላይ ጎብጧል። እንዲህ የጎበጠ ሰው ዱላውን ከትከሻው በላይ አያነሳም፤ ጣራውንም አይነካም ነበር። መሬቱ ባይቆፈርም፣ ደረጃው ባይሠራም፣ ሁለት ሜትር ከግማሹ ይበቃው ነበር። ልኩን ስንት ጊዜ በኩራት ሲቆጥር ከርሞ፣ ሰውየውን አንዴ ቀና ብሎ አላየውም። 

ጋሼ ዱላውን ተቀበለ። እግሩን ትንሽ ከፈተ፣ አንዴ ተንገዳገደ፣ ቆመ። የሰነዘረው ግማሽ ነው፤ ከወገቡ በላይ አላነሳውም። ኳሱ ሸራውን ለስለስ አድርጎ ነካ፤ በሥዕሉ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ሣሩ ላይ አረፈ። ቁጥር ወጣ፦ አርባ አንድ ሜትር። ድሮ ሁለት መቶ የሚያደርስ ሰው ነው። ቁጥሩን ረዘም ላለ ጊዜ አየውና ሌላ ኳስ ጠየቀ። አሥራ አንድ ኳስ መታ። ፀጉሩ በላብ ረጠበ፤ ነርሷ ይበቃል እስክትል አልተቀመጠም።

ልብስ ሰፊው በባልዲው ላይ አስቀምጦት ላቡን ጠረገለት።

«ጋሼ፣ አጠፋሁ። ነገ ግንበኛውን ጠርቼ ጉድጓዱን አስሞላዋለሁ። ወለሉ እንደ ድሮው ይሁን፣ በመራመጃህ ቀጥ ብለህ ትገባለህ።»

ጋሼ ወደ ጣራው አየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተሰካው ወረቀት።

«መደገፊያ አሠራበት እንጂ አትሙላው» አለ። «ከሞላኸው፣ ቀና ብዬ ስሰነዝር ጣራው ይነካኛል።»