አማቴና የኤዶ ቀልደኞች

«ማሚ በጣም ቦር ሆናለች» አለችኝ ባለቤቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች። «ለፋሲካ አገሬ እገባለሁ እያለች ነው። አሁን ከሄደች ተመልሳ አትመጣም፣ ዕድሜዋን ታውቃለህ። እባክህ ዛሬ የትም ቢሆን ይዘሃት ውጣ።»

የትም ካለችኝ ብዬ አማቴን ላይብረሪ ወሰድኳቸው። ቅዳሜው የግጥም ቀኔ ነበር፤ የግጥም ቀኔን ደግሞ ለማንም አልሰጥም።

ዳንፎርዝ ጎዳና አጠገብ ባለው ላይብረሪ ምድር ቤት፣ ጡረታ የወጡ ጃፓናዊት መምህር በወር አንድ ቅዳሜ ስለ ኤዶ ዘመን የቀልድ ግጥም ያስተምራሉ። ኤዶ ማለት የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። በዚያ ዘመን አጋማሽ ላይ የከተማው ሰው በዚህ ግጥም አብዶ ነበር አሉ። አንድ የግጥም ሊቅ ርዕስ ያወጣል፤ ነጋዴው፣ አናጢው፣ ሥራ የፈታው ወታደር ሁሉ ሦስት አጭር መስመር ጽፎ ይልካል። መጀመሪያ አምስት ድምፅ፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ አምስት። ሊቁ ከክምሩ መሐል የሚያስቀውን ይመርጣል። የሚሾፍባቸውም ሰዎች ያው ናቸው፦ ኩሩ ድኻ፣ ሐኪም፣ ቆንቋና፣ በሰው ቤት የሚኖር እንግዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አማት። ይህን በሰማሁ ጊዜ ዘመዶቼን ያገኘሁ መሰለኝ።

እኔ ቀልደኛ ሰው ነኝ። ኖርዝ ዮርክ ያለው ቢሮዬ ውስጥ ይህን የተረዳ አንድም ሰው የለም፤ ያ የእነሱ ችግር ነው።

መምህሯ ሁለት ደንብ አላቸው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቋንቋ ጽፎ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ ስሙን ሳይጽፍ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። ሁለተኛው፣ የተመረጠው ግጥም ሲነበብ ባለቤቱ ከተቀመጠበት ሆኖ የብዕር ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል። የጥንቶቹ ሊቃውንት በራሳቸው ላይ የሚያሾፉበት የብዕር ስም ነበራቸው። እኔ የፈረስ ስም እንደማውጣት ቆጥሬው «አባ ሳቅ» ብዬ ነበር። በራሴ ላይ ማሾፍ አልሆነልኝም።

አማቴን ከኋላ፣ አንዲት ጎረቤታችን አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ጎረቤታችን በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በነርስነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ለመሳቅ ሰበብ የማይፈልጉ ሴት ናቸው። የሚባለውን ሁሉ ለአማቴ በጆሯቸው ይተረጉሙላቸው ጀመር። ደስ አለኝ፤ ዞሬም አላየኋቸው።

የዕለቱ ርዕስ «ቤተሰብ» ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ወረቀቱን ጨመረ። እኔ የጨመርኩት ሳምንቱን ሙሉ በፊደል እየቆጠርኩ ያስተካከልኩትን ነበር። ክሬሰንት ታውን ባለው ቤታችን፣ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽንኩርት ሲቁላላ የጭስ ደወሉ ይጮሃል፤ አማቴ ደግሞ በትልቅ ፎጣ እያራገቡ ይሰድቡታል፦

ደወሉ ጮኸ
አማቴም መለሱ
እሱ አፈረ

መምህሯ አነበቡት። ክፍሉ ሳቀ። «አባ ሳቅ!» ብዬ ጮህኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ ነው ከኋላዬ ሹክሹክታው የተሰማኝ። ጎረቤታችን እየተረጎሙ ነው! እንግሊዝኛ የማያውቁ ሴት ፊት የልቤን መናገሬ ነው ብዬ ስዝናና፣ የራሴው እጅ አስተርጓሚ አጠገባቸው እንዳስቀመጠ ረስቼዋለሁ።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። አማቴ አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊት ይመለከታሉ። በቃ፣ አለቀልኝ። ፋሲካንም አይጠብቁ፤ ነገ ይሄዳሉ። ባለቤቴ «እናቴን በማን ግጥም አባረርክብኝ?» ስትለኝ ስለ ኤዶ ላስረዳት ነው? እናቷን ከልቤ እንደምወዳቸውም በዚያች ደቂቃ ተሰማኝ፤ ፍቅሬ ሰዓቱን ጠብቆ መምጣት ልማዱ አይደለም።

መምህሯ የመጨረሻውን ወረቀት አነሡ። «ይህ የዛሬው አንደኛ ነው» ብለው በእንግሊዝኛ አነበቡት። የአማርኛውን በኋላ ነው ያየሁት፤ እንዲህ ይላል፦

ይቆዩ አለ
ሻንጣዬን ይዞ
በሩ ጋ ቆሞ

ክፍሉ ፈነዳ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ጭንቀቱም ነበረበት መሰለኝ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ «እንደዚህ ዓይነት ሰው እኮ አውቃለሁ!» አልኩት። መምህሯ ባለግጥሙን ጠበቁ።

«ደርሶ መልስ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

ጥርት ባለ አማርኛ። ድምፁንም አውቀዋለሁ፤ የጭስ ደወሉም ያውቀዋል።

ጎረቤታችን ጠረጴዛውን እየደበደቡ ይስቃሉ። ለካ ትርጉሙ በሁለቱም አቅጣጫ ሲሄድ ነበር። ሰውዬው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «የምታውቀው ሰው ማን ነው?» አለኝ።

ሲያልቅ ወደ ባቡር ጣቢያው አብረን ስንራመድ ልቤ ቆስሎ ነበር። ሻንጣው እኮ እውነት ነው! ባለፈው ሳምንት ለክረምት ካፖርቶች ቦታ ባጣ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ በሩ ጋ አቆምኩት፤ በዚያው ቅጽበት እሳቸው ከመኝታ ቤት ብቅ አሉ፤ እኔም ያገኘሁትን ቃል ብዬ «እማማ፣ ምነው ትንሽ ቢቆዩ» አልኳቸው። እጄ ግን ገና ሻንጣው ላይ ነበር።

ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መቻል አቃተኝ።

«እማማ፣ ሻንጣውን ያወጣሁት እኮ ለካፖርት ነው። በእግዜር፣ እንዲሄዱ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «እሱን ብጽፍ ማን ይስቃል?»

አንድ ጣቢያ አለፈ።

«የደወሉስ አስከፋዎት?»

«መጨረሻው ጥሩ ነው» አሉኝ። «መሐሉ ግን ይጎትታል። ስምንት ወር ሙሉ ይብሉልኝ፣ በልቻለሁ እያልን ስንሽቆጠቆጥ ኖርን። እንዲህ የምትናገር ሰው መሆንህን ማን ነገረኝ?»

እንዲህ ማለታቸው ደስ አሰኘኝ። የሚገርመው፣ መሐሉ ይጎትታል ማለታቸውም አበሳጭቶኛል፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ነበር። የመጣው ይምጣ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ ለፋሲካ ይሄዳሉ?»

ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደላድለው፣ «የሚመጣው ወር ርዕስ ምን አሉ ሴትዮዋ?» አሉኝ።

«ቆንቋና።»

አማቴ ከእግሬ ጀምረው እስከ ራሴ ድረስ፣ ጊዜ ወስደው አዩኝ።

«እንግዲያ የት እሄዳለሁ» አሉ።