መነጽር ልብስ ነው ወይስ ሕክምና

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እናትና አባቴ ከተለያዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ እኔን ይዛ ቆቦ ቀረች፤ አባቴ ከፍየሎቹ ጋር ዋጃ ገባ። ሲለያዩ ሽማግሌዎች ከቀለብ ውጭ ያለውን የእኔን ወጪ ሁሉ አከፋፍለዋቸው ነበር፤ ልብስና ጫማ በእናት፣ ሕክምና በአባት፣ ደብተርና እስክሪብቶ እኩል። የፀጉር ቅባት እንኳ አልተረሳም፤ ከልብስ ጋር ገብቷል።

ዓይንን ግን ማንም አላሰበም።

በዚያ ዓመት የመጽሐፉ ፊደል እንደ ጉንዳን ይርመሰመስብኝ ጀመር። ክንዴ እስከሚደርስ ባርቀውም ያው ነው። ሐኪሙ መነጽር አዘዘልኝ፤ የሚሠራው ደሴ ነው። የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶታል። የፈተናውን ወረቀት ማንበብ ካልቻልኩ ደግሞ ትምህርቴ እዚያው ማብቃቱ ነው።

እናቴ የሐኪሙን ወረቀት ዋጃ ለሚሄድ ሰው ሰጥታ ለአባቴ ላከችለት። አባቴም በዚያው ሰው መልስ ላከ። «ጠዋት ይደረጋል፣ ማታ ይወለቃል። ከጫማ በምን ይለያል?»

«ጫማ ሐኪም ያዛል እንዴ?» አለች እናቴ፤ ሽማግሌዎቹንም አስጠራች።

ሽማግሌዎቹ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ። የአባቴ ታላቅ እህትም መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ምርቃቱ ረዘም አለ፤ ከዚያ አባቴ ተነሣ።

«በእኛ ዘር ዓይኑ የደከመ ሰው የለም።»

«አንብቦ የማያውቅ ሰው ዓይኑ መድከሙን በምን ያውቃል?» አለች እናቴ፣ ወደ እሱ ሳትዞር።

አንዱ ሽማግሌ መላ አመጡ። «ለማንበቢያ ከሆነማ ትምህርት ነው። እኩል ያውጡ።»

አባቴ አልተቀበለም፤ ልብስ ነው አለ። እናቴም አልተቀበለችም፤ ሕክምና ነው አለች። በዚያ ቀን የተስማሙት ትምህርት አለመሆኑ ላይ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ፈተናው ይደርስብኛል፣ አባባ።»

«ጥሩ ተናገረች፤ ጨዋ ልጅ ናት» አሉና ነገሩ ይታሰብበት ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ቤት ገብቼ ብቆጥረው ቀጠሮው ከፈተናው በኋላ ነው የዋለው።

አክስቴ ሸንጎው እስኪበተን ከኋላ ተቀምጣ ቆየች። በማግስቱ ዋጃ ሄደች፤ ከወንድሟ ፍየሎች የሰባውን ሙክት ፈትታ ወሰደችና ገበያ አውጥታ ሸጠችው። ለመሳፈሪያ ብላ ደግሞ እናቴ ውኃ ልትቀዳ በወጣችበት አራት ዶሮዎቿን ይዛ ሄዳ ሸጠች። ከዚያ ደሴ ወሰደችኝና መነጽሩን አሠራችልኝ። ስንመለስ የዶሮዎቹን ማሰሪያ ለእናቴ፣ የሙክቱን ገመድ ለአባቴ አስረክባ ቤቷ ገባች።