የአያቴ ምሰሶ

በመርሐቤቴ ቆላ ምስጥ ያልቀመሰው ቤት አይገኝም ነበር። በደርግ ጊዜ ወደ አዲሱ መንደር ግቡ ተብለን ቤታችንን ስናፈርስ፣ አባቴን ያስጨነቃቸው የመሀል ምሰሶው ብቻ ነው። አባታቸው በእጃቸው ጠርበው ያቆሙት ስለሆነ፣ ለአዲሱ ቤትም ምሰሶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ።

“ምስጡን ተሸክመን ልንወስደው ነው?” አለች እናቴ። ስፌት የምትሰፋበትን ወስፌ አምጥታ የተጋደመውን ምሰሶ ከእግሩ በኩል ስትወጋው፣ ወስፌው እስከ እጀታው ሰጠመ።

“አንቺ! የአባቴን እንጨት እንደ ሰፌድ ትወጊዋለሽ?”

“አባትዎን ማን ነካቸው? የተበላው እንጨቱ ነው።”

አባቴ ወስፌውን ቀምተዋት ከእግሩ ወደ ጫፉ እየወጉ ሄዱ። በወጉት ቁጥር ዱቄት ይፈሳል። ፊታቸውን ማየት ከበደኝ። የምሰሶውን ወገብ አለፍ ሲሉ ግን ወስፌው ነጠረ። ደግመው ወጉ፤ አልገባም።

“እዚህ ጋ አባቴ አሉ!” ብለው ሳቁ። ያን ሳቃቸውን እስከ ዛሬ እናፍቃለሁ።

የተበላውን ቆርጠን አቃጠልነው። የቀረው ለምሰሶነት ስለማይበቃ የአዲሱ ቤት በር የላይ ጉበን ሆነ። አባቴ በችኮላ ዝቅ አድርገው ስለገጠሙት፣ ከአጭሯ እናቴ በቀር ሁላችንም ጎንበስ ብለን ነበር የምንገባው።