ደም ለገዳይ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ ደም የሚለገስበት ድንኳን በር ላይ ቆሜ ሳይ፣ አንዲት ተማሪ እጅጌዋን እየጠቀለለች «ደሜ ለማን እንደሚሰጥ ይነገረኛል?» ብላ ጠየቀች። ነርሷ ሳቀችና «አይነገርሽም» አለቻት። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ጡረታ ከወጣሁ ብቆይም ነርስ ነበርኩና፣ ጥያቄው የዛሪማውን ልጅ ይዞብኝ መጣ።

ወሩ ነሐሴ ነበር፤ እኔም ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ያልሞላኝ፣ በሆነ ባልሆነው የምቆጣ ልጅ ነበርኩ። ጎንደር በጭጋግ ተሸፍና ትውላለች። የሆስፒታሉ ኮሪደር በእርጥብ ጋቢና አስታማሚዎች ቋጥረው ባመጡት ሽሮ ሽታ ታፍኗል። እስረኛውን የዛሪማ ልጅ በቃሬዛ ያስገቡት ጠዋት ነው። እስር ቤት ውስጥ ደም ማስታወክ ከጀመረ ሰንብቷል፤ «ለመውጣት ብሎ ነው የሚያስመስለው» እየተባለ ቆይቶ፣ ከንፈሩ ሲነጣ አመጡት። ማስመሰል! ሰው ደም እንዴት አድርጎ ያስመስላል? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጨጓራው ቆስሎ ይደማ ነበር። ዶክተሩ ያለ ደም ቀዶ ጥገናው አይሞከርም አለን። በዚያን ጊዜ ደም የሚሰጠው የበሽተኛው ዘመድ ነው። የእሱ ዘመዶች ደግሞ ከሊማሊሞ ማዶ፣ ዛሪማ ናቸው፤ መንገዱን ናዳ ዘግቶታል። የእኔም የዶክተሩም ደም አልገጠመለትም።

ከማክሰኝት የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ታናሻቸውን ሊያስታምሙ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ጭንቀቴን አይተው ኖሮ፣

«ምን የመሰለ ሸጋ ልጅ ነው! ምነው ከእኛ አትወስዱለትም?» አለ ትልቁ። ሁለቱም ተነሱ። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ትልቁ እጅጌውን ሊጠቀልል ሲል፣ ጠመንጃውን ይዞ ቃሬዛው አጠገብ ወደቆመው የእስር ቤት ጠባቂ ዞረና «ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አለው።

«ሰው ገድሎ» አለ ጠባቂው። ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ተጠየቀ፣ መለሰ።

ወንድማማቾቹ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምነው አያ፣ አሁን ተነስተው አልነበር?» አልኩት ትልቁን።

«ልጄ፣ ወንድማችንን በጥይት መትቶ እዚህ ያስተኛው እንዲህ ያለው ነው። ለገዳይ ደም ስጡ አትበይን።»

ልጮህበት ነበር፤ ግን የወንድሙን ቁስል ጠዋት ያሸግኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ሁሉንም ሰምቷል። ዓይኑን ሳይገልጥ «ተያቸው እህቴ» አለኝ። «እኔም ብሆን አልሰጥም።»

ጠባቂው «የእኔ ይመርመር» አለ። ተመረመረ፤ ገጠመ። ነገር ግን ሁለት ሆነው መምጣት ሲገባቸው የተላከው ብቻውን ነው፤ እሱ ተኝቶ ደም ሲሰጥ እስረኛውን የሚጠብቅ የለም።

«ጠመንጃውን እኔ እይዝልሃለሁ» አልኩት።

«አንቺ ጠመንጃ ይዘሽ፣ እኔ ተኝቼ? ነገ ከእሱ ጋር ታስሬ ታገኚኛለሽ» አለና ለአለቃው ስልክ አስደወለ። ተተኪ እስኪመጣ ጠብቅ ተባለ። ጠበቀ። እኔም በየደቂቃው ወደ በሩ እየወጣሁ መንገዱን አያለሁ፤ ከዝናቡ በቀር የሚመጣ የለም። ተተኪው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲደርስ ልጁ አርፎ ነበር።

ፍርድ ቤቱ የፈረደበት እስራት ነው። ሞቱን የጨመሩበት ሌሎች ናቸው፤ ያስመስላል ያለውም፣ ጠብቅ ያለውም የየድርሻውን አዋጥቶ። ወንድማማቾቹን ግን መቀየም አልቻልኩም፤ ሐዘናቸውን አይቻለሁ። ጠባቂው አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ እጅጌውን መልሶ ሲያወርድ አይቼዋለሁ፤ እሱም አንጀቴን በልቶታል።

ከሁሉም የሚብስብኝ ልጁ ራሱ ከወንድማማቾቹ ጋር መስማማቱ ነው። «እኔም ብሆን አልሰጥም» ሲለኝ ያደረግኩት ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ መሳብ ብቻ ነው። አሁን አርጅቼ መልሱን አውቀዋለሁ፤ አንተ ባትሰጥም ለአንተ ይሰጥሃል። ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ እለዋለሁ። ሊሰማው የሚገባው ግን አፈር ለብሷል።