«ጀማሪ ነኝ» ብትል ማን ይመናት

ሰባታሚት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

ጀምበር ሳትወጣ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሦስት ዓይነት ነው፤ ኪዳን አድራሽ፣ አውቶቡስ ያዥ እና ሚስቱ ሥራ ሳታዝዘው ሊያመልጥ የፈለገ። እኔ በአብዛኛው ሦስተኛው ነኝ። ዛሬ ግን በደግ ምክንያት ወጣሁ፤ ቃል ገብቼ።

ለማታውቁኝ፣ ድሬሰር አለሙ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት በማክሰኝትና በዙሪያዋ ሰው ስወጋ ኖርሁ፤ በመርፌ ማለቴ ነው። ነጭ ጋዋኔን ገና ከሩቅ ሲያይ አጥር የሚዘል ጎልማሳ አውቅ ነበር። የሙያዬ ትልቁ መሣሪያ ግን መርፌው አልነበረም፤ «አያምም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ጡረታ ስወጣ ልጆቼ ወዳሉበት ወደ ባሕር ዳር መጥቼ ሰባታሚት ላይ ቤት ቀለስሁ። ዛሬ የሚፈራኝ የለም። የጎረቤት ዶሮ እንኳ ከመንገዴ አትነሣም።

አብራኝ የወጣችው ሊን ናት። ቻይናዊት ናት፣ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ጥገና ታስተምራለች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ግቢያችን ካለችው ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። አማርኛ ያስተማረቻት ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት። ሊንም ጥሩወርቅ እንግዳ ስትቀበል እየሰማች ስለለመደች ሰውን ሁሉ አንቱ ነው የምትል። ድመታችንን ሳይቀር «ይብሉ እንጂ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህች ሊን ከሦስት ሳምንት በፊት መጣችና «ጋሼ፣ ቴኳንዶ ይሁን ጁዶ ይሁን መማር እፈልጋለሁ። ከሀ ጀምሮ። ከማያውቁ ሰዎች ጋር» አለችኝ። ለብቻዋ ሁለት ቦታ ሞክራ ነበር። በአንዱ ቦታ ወጣቶቹ ገና ሲያዩዋት እጃቸውን እንደ ሰይፍ እያወናጨፉ «ቻይና፣ አሳዪን» አሏት። በሌላው ቦታ ሣቁባት። «እርስዎ አገሩን ያውቃሉ፤ ይውሰዱኝ» ስትለኝ፣ ሰው አገሩን ታውቃለህ ሲለኝ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም።

«ዛሬ ካልሆነ ግን እተወዋለሁ» አለች በሩን ስንዘጋ። «በአርባ ስድስት ዓመት ደጋግሞ ደጅ መጥናት ያሳፍራል።»

የባጃጁ ሹፌር ለእኔ አንድ ዋጋ ነገረኝ፤ ሊንን ሲያይ ሌላ። እኔ ኪሴን መዳበስ ስጀምር እሷ ጎንበስ ብላ «ወንድሜ፣ የሰፈር ሰው ነኝ እኮ። ትናንት በስንት ወሰዱኝ?» አለችው። ልጁ ሣቀና መሪውን ያዘ። አገሩን የማውቀው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ባሕር ዳር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል

ዘንባባዎቹ ታጥበው የተሰቀሉ ይመስላሉ። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል፤ አንድ ታንኳ ከጉሙ ውስጥ ግማሽ ገላዋን አውጥታ ቆማለች። ከቴኳንዶ ማሠልጠኛው አዳራሽ የሠላሳ ሰው እግር አንድ ላይ መሬት ሲመታና «ሃ» ሲል ይሰማል። ልቤ ሞቀ። የተለማመድሁ እኔ የሆንሁ ያህል ደረቴን ነፋሁ።

በሩ ላይ ያለው ጎረምሳ ግን ቀና እንኳ ሳይል «ምዝገባ ተዘግቷል አባባ። አዲስ ሰው የምንቀበለው ከፋሲካ በኋላ ነው» አለኝ።

ሊን ወደኋላ ልትመለስ ስትል አየሁ። ቃል ገብቻለሁ፤ ዕድሜዬም ለጎረምሳ አልመለስም ይላል። እናም አፌ ከእኔ ሳይማከር ተናገረ። «ልትመዘገብ አይደለም የመጣች ልጄ። ልትጎበኝ ነው። በአገሯ ስመ ጥር መምህርት ናት።»

ልጁ ብድግ አለ። ወዲያው ሁለት ወንበርና ሁለት የታሸገ ውኃ መጣ። አሠልጣኙ፣ ማስተር ይበልጣል የሚሉት ቁመተ ረጅም ሰው፣ ልምምዱን አቁሞ ተማሪዎቹን በሰልፍ አቆመልን። ሊን ሰው ሰላም እንደሚል ጎንበስ አለች፤ እነሱ ከእሷ የበለጠ ጎነበሱ። እሷ እንደገና ጎነበሰች፤ እነሱ ደግሞ በግንባራቸው ወለሉን ሊነኩ ደረሱ። እኔ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ውኃዬን ከፈትሁ።

«አንድ ነገር ያሳዩን» አላት ይበልጣል።

«ይቅርታ፤ እኔ ምንም አላውቅም» አለች ሊን።

ይበልጣል ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? አላውቅም አለች። እናንተ ሦስት ወር ተምራችሁ ሰፈር ታምሳላችሁ።»

ይህ የእኛ አገር ጣጣ ነው። በዚህ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ስንት አራት ዓይና ሊቅ አለ፤ ብትጠይቀው «እኔ ምን አውቄ» ይልሃል። «አውቃለሁ» የሚል ከተገኘ ትናንት ንባብ የጀመረ ነው። እኛም ይህንኑ እያየን ስላደግን አላውቅም የሚል ሰው ሲመጣ ኮፍያችንን እናወልቃለን። ሊን አላውቅም ባለች ቁጥር ማዕረጓ እየጨመረ ሄደ። ጣውላ ይዘው እንድትሰብርላቸው ለመኗት፤ «አልችልም፣ እጄን ያመኛል» አለች፤ አንዱ ለጓደኛው «ኃይሏን ማባከን አትፈልግም» ሲለው ሰማሁ። በመጨረሻ ሁሉም ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ ከፊት ቆሜ።

ስንወጣ «ጋሼ፣ ለምን ወንበር ሰጡኝ? እኔ ከኋላ ቆሜ መማር ነበር የፈለግሁ» አለችኝ።

«እንግዳ ስለሆንሽ ነው» አልኋት። ውሸት እንደ መርፌ ነው፤ አንዱ ከገባ ሁለተኛው እጅ አያንቀጠቅጥም።

ጢስ ዓባይ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል

ጢስ ዓባይ ላይ ትንሽ የጀማሪዎች ቡድን አለ ሲሉ ሰምቼ ነበርና ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ አቧራ ነው፣ ዳርና ዳሩ ሸንኮራ የያዙ ሻጮች። ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለ አምስት ሰው በሦስት ሰው ቦታ አስቀመጠ። እኔ በአንድ መቀመጫዬ ብቻ ነበር የተቀመጥሁ፤ ሌላኛው አየር ላይ ሄደ።

ስንደርስ ገና ከመኪናው ሳንወርድ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል። ፎቶው ከስሟና ከምንሄድበት ቦታ ጋር በቴሌግራም ቀድሞን ነበር። እሱ እንደ እኛ ሸንኮራ ለመግዛት አይወርድም።

«ማስተር ሊን፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ አሠልጣኙ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ሊን ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየችው። «ማን ነገራችሁ?»

«እኒህ አባት ናቸው አሉ። በአገርዎ ስመ ጥር መምህርት እንደሆኑ።»

ሃያው ሰው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከፏፏቴው በኩል የሚነሣውን ጢስ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው ትክ ብዬ ተመለከትሁ።

«እኔ የማውቅ የሽመና መኪና ነው» አለች ሊን፤ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል። «ልማር ነው የመጣሁ። ከእናንተ።»

የአሠልጣኙ ዓይን እንባ አቀረረ። «ሰማችሁ? ከእናንተ ልማር አለች» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ሃያው ሁሉ ተከተለው።

ሊን ተመልሳ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ተከትያት ገባሁ።

«አንተ» አለችኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ድመቷን አንቱ ስትል የኖረች ሰው። «አንተ ዋሸህ።»

የመልስ መንገድ፣ 7 ሰዓት

ግማሽ መንገድ ላይ ደረስን። ከዚያ መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«ልጅ ሳለሁ ሳንባዬ ደካማ ነበር። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሌሎቹ ሲለማመዱ አስተማሪው እኔን ከዳር ያቆመኛል። ብርድ ነው። ሁሉም ኮቱን እያወለቀ እኔ ላይ ይጥላል። አምስት ዓመት ኮት ያዝሁ። አሁን ሳንባዬ ደኅና ነው። አንድ ቀን ኮቴን ለሰው ሰጥቼ መግባት ነው የፈለግሁ። ሌላ አይደለም።»

ሠላሳ ዓመት አያምም እያልሁ ሰው የወጋሁት ሰውዬ፣ በተራዬ አንድ ነገር ሲሰካብኝ ተሰማኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ያ አፍ ግን ጠዋት የሠራውን አስታውሼ ዘጋሁት።

«ቤት እንሂድ። ይቅር» አለች።

ይህን ጊዜ ከፊታችን የተቀመጠች፣ ፓፓያ በቅርጫት የያዘች ሴትዮ ዞረች። «ይቅር በሉኝ፣ ጆሮዬ አልዘጋ ብሎኝ ነው። የእህቴ ልጅ ሐይቁ ዳር አንድ ጁዶ የሚያስተምር ሰው ዘንድ ገብታ ነበር። ሁለት ወር ተማረች። ምን ተማርሽ ብላት፣ መውደቅ አለችኝ። መውደቅማ ማን ያጣዋል ብዬ አስወጣኋት።»

ሊን ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። «መውደቅ ብቻ?»

«መውደቅ ብቻ እናቴ። ለዚህ ነው ሰው የማይበረክትለት።»

ሊን አየችኝ። «ይህ የመጨረሻው ነው። አሳዪ ካሉኝ ወጥቼ እሄዳለሁ። አንተም አትናገርም።»

ሐይቁ ዳር፣ 9 ሰዓት

ቤቱ ድሮ የዓሣ መረብ የሚቀመጥበት መጋዘን ነው፤ የዓሣው ሽታ እንደ ክፉ ተከራይ እስካሁን ቤቱን አልለቀቀም። ወለሉ ላይ በጭድ የተሞሉ ጆንያዎች ተደርድረው ሸራ ተነጥፎባቸዋል። አሥራ ሁለት ሰው ይሆናል። አንድ የባንክ ዘበኛ፣ ሁለት እመቤቶች፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ የታጠቀ አንድ ዲያቆን፣ ሌሎችም። ሁሉም ይወድቃሉ፤ ይነሣሉ፤ ይወድቃሉ። የሊን ፊት ሲፈታ አየሁ።

መምህሩ ዘላለም ይባላል፤ አጠር ያለ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሊንን ሲያይ ፈገግ አለ። «ፎቶዎን አይቻለሁ።»

«እኔ ጀማሪ ነኝ» አለች ሊን።

«እሱንም ትላለች ብለዋል።» ዘላለም ወደ እኔ ዞረ። «ለማንኛውም ደንባችን ዋስ ይላል። የተማረችውን ለጠብ እንዳታውለው የሚዋስ፣ ቃሉ የሚታመን ሰው።»

አትናገርም ብባልም ዋስ ዝም ብሎ አይዋስም። «እኔ አለሁ» አልሁ። «አለሙ እባላለሁ፤ ጡረተኛ ድሬሰር ነኝ።»

ዘላለም ትኩር ብሎ አየኝ። «ማክሰኝት የነበሩት ድሬሰር አለሙ?»

«ነኝ» አልሁ። ስሜ ባሕር ዳር ድረስ መድረሱ ደስ ብሎኝ ጢሜን ደባበስሁ።

«ሰባት ዓመቴ ሳለ አያምም ብለው የወጉኝ?»

የሚወድቁት ሁሉ መውደቃቸውን አቆሙ።

«ሊሆን ይችላል» አልሁ።

«አመመኝ» አለ ዘላለም። ቂም የለበትም፤ መዝገብ ላይ እንደሚያሰፍር ሰው ነው ያለው።

ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል? ከጠዋት ጀምሮ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርሁት፤ በሩን፣ ወንበሩን፣ የታሸገውን ውኃ ሳይቀር። ዘላለም ሰምቶኝ ሲያበቃ ራሱን አከከ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ውሸቱ የትኛው ነው? መምህርት ናት ያሉት ወይስ አይደለችም የሚሉት? አንዴ ትውደቅና ልያት። የሚያውቅ ሰው አወዳደቁን መደበቅ አይችልም።»

ሊን አልተቆጣችም። ወደ በሩ ሄደች።

«ቆይ» አልሁት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። የሚታይ ሰው ከተፈለገ እኔን እዩኝ። ጣለኝ።»

ኮቴን አወለቅሁና በልማድ አጠገቤ ወዳለው ሰው ዘረጋሁ። በሩ አጠገብ የቆመችው ሊን ነበረች። እጇ ሊቀበለኝ ግማሽ መንገድ መጣ፤ እዚያው ቆመ። እኔም ቆምሁ። ኮቴን መልሼ ወሰድሁና መሬት ላይ ጣልሁት።

ዘላለም አንገትጌዬንና ክንዴን ያዘ። ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ሥር «አያምም ጋሼ» አለኝ።

መውደቁ አጭር ነው። መድረሱ ነው ረጅሙ። የጣሪያውን ቆርቆሮ በቀዳዳው ቆጠርሁት፤ ውኃው ዳርቻውን ሲልስ ሰማሁ፤ ስለ ወገቤ ደግሞ እስከ ዛሬ የማላውቀውን ብዙ ነገር አወቅሁ። አሥራ ሁለት ሰው ከላይ ያየኛል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሽማግሌ የሚመልሰው መልስ የታወቀ ነው።

«አመመዎት?» አለ ዘላለም።

አፌ «የለም» ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። ጥርሴን ነከስሁበት።

«አመመኝ» አልሁ።

ዘላለም እጁን ሰጥቶ አነሣኝ። «እንግዲያው እውነት መናገር ጀምረዋል። ጀማሪ ናት። ዋስነትዎን ተቀብያለሁ።»

ከበሩ በኩል ሣቅ ሰማሁ። ሊን እየተመለሰች ነው። ጃኬቷን አወለቀች፣ አጣጠፈችና ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ» አለችኝ። «ይህን ይያዙልኝ።»

ከኋላው ሰልፍ፣ ከዲያቆኑ አጠገብ ገባች። ወደቀች፤ እንደ ጤፍ ጆንያ። ማንም አላጨበጨበም። ዘላለም እንኳ አላያትም፤ የዘበኛውን አገጭ ወደ ደረቱ እየገፋ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥሁ። መጋዘኑ እየሞቀ ሲሄድ ዘበኛው የደንብ ልብስ ኮቱን ጭኔ ላይ ጣለ። ዲያቆኑ ጋቢውን ጨመረበት። አንደኛዋ እመቤት «አባባ፣ እርስዎ እዚህ ከሆኑ» ብላ ሹራቧንና ቦርሳዋን አከለች። በልብስ ተሸፍኜ ዓይኔ ብቻ ሲቀር ቆጠርሁ፤ ሊን አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀች።

ሰባታሚት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»

ሊን የተላጠ ክርኗን እንደ ሽልማት አሳየቻት። «ወደቅሁ እትዬ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እወድቃለሁ።» ድመቷን ከደጃፏ «እስቲ ያሳልፉኝ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

«አንተስ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«እኔ ኮት ጠበቅሁ።»

ደረጃውን ስወጣ ከኋላ አየችኝ። «ኮት የሚጠብቅ ሰው ያነክሳል እንዴ? ወገብህን ምን ሆንህ?»

«አያምም» አልኋት።