የሻይ መርከቦቹ ሽማግሌ

አሁንም ፒኜቶ በሚባለው የሮም ሰፈር በአንድ አናጺ ደጃፍ ሳልፍ የቫርኒሽ ሽታ ከሸተተኝ እግሬ ቀጥ ይላል። ሮም እንደገባሁ የተቀጠርኩት እንዲህ በሚሸት ቤት ነበር። የምንከባከባቸው ሽማግሌ የዱሮ መርከበኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእንጨት ትንንሽ መርከቦች ይሠሩ ነበር።

አብልጠው የሚወዱት ክሊፐር የሚሏቸውን፣ ቀጫጭንና ባለብዙ ሸራ የጥንት መርከቦች ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሸራዎቹን ስታበራ፣ እኔ እግራቸውን እያሸሁ እሳቸው ያወሩኛል። ከቻይና አዲስ ሻይ ጭነው፣ አፍሪካን በደቡብ ዞረው፣ ለንደን ቀድሞ ለመግባት እንዴት ይሽቀዳደሙ እንደነበር። ኋላ ስዊዝ ካናል ሲከፈት በእንፋሎት የሚሄዱት ሻዩን ነጠቋቸውና ወደ አውስትራሊያ ሱፍ ዞሩ።

"ሻዩን ጠብታ ውኃ እንዳይነካው ስንት ይጠነቀቁ ነበር መሰለሽ!" ይሉኝ ነበር።

ያኔ ታናሽ ወንድሜ ሊቢያ ሆኖ በጀልባ ለመሻገር ተራውን ይጠብቃል። አንድ ቀን ደወለና "ነገ ነው አሉን፤ ጸልዪልኝ" አለኝ። ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ሬዲዮ ከፍተው የባሕሩን ትንበያ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

"አሎራ፣ እንግዲያውስ ይቆይ በዪው። ነፋሱ ክፉ ነው።"

"እሱ የት ይመርጣል? የሚያዙት ደላሎቹ ናቸው" አልኳቸው። ቢሆንም ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል።

ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። በሕይወት ከደረሱትም፣ ሬሳቸው ከተገኘውም መካከል አለ የሚለኝ ሰው አጣሁ። ሽማግሌውም ስለ መርከብ ማውራት ተዉ።

አንድ ጠዋት ካፖርታቸውን እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ። አዲስ የሚመጡት ስደተኞች እዚያ ናቸው አላልሽኝም?"

በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋኋቸው ወሰድኳቸው። ከጣቢያው አጠገብ ባሕሩን የተሻገሩት ያገሬ ልጆች ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ሽማግሌው የወንድሜን ፎቶ ከእጄ ተቀብለው፣ በየልጁ ፊት እያስቆሙኝ "ይህን ልጅ አይተኸዋል?" ይላሉ፣ በጣሊያንኛ። ልጆቹ ስላልገባቸው እኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ መልሱን ፈርቼ መተርጎም አቃተኝ።

በመጨረሻ አንዱ ልጅ ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ። ተነሥቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

"አይዞዎት፣ አባባ" አላቸው።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለኝ?"

አይዞዎትን በጣሊያንኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር።